የቅንጬ አረም የኬሚካል መከላከያ በፌንጣ ላይ መሥራቱን እንዴት እንፈትናለን?

ፓርቲኒየም የሚባለው ቅንጬ አረም የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ሞቃት አካባቢዎች ነው። ቅጠሉንና ግንዱን ያለበሱት ጥቃቅን ፀጉሮች ፓርተኒን የተባለ መራራ ኬሚካል ይይዛሉ፤ ይህም ከፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ ሥራቸውን ያውካል። ሆኖም አረሙ ሳይበላ መቆሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፀጉሩና ሻካራነቱም ፌንጣን ሊያርቁ ስለሚችሉ ኬሚካሉን ከቅጠሉ ለይቶ መፈተን ያስፈልጋል።

አረሙን ሳያብብ ይልቀሙ፤ አንድ ተክል ከአስር ሺህ በላይ ዘር ሊሰጥ ስለሚችል ያፈራውን ይዞ መዞር አረሙን መዝራት ነው። ፓርተኒን የሰውንም ቆዳ ስለሚያሳክክና ስለሚያቆስል ያለ ጓንትና ያለ ረጅም እጅጌ በፍጹም አይንኩት።

10 ግራም ቅጠል ቆራርጠው በ100 ሚሊ ሊትር አልኮል፣ በተከደነ ጠርሙስ፣ ከእሳት አርቀው አንድ ቀን ይዘፍዝፉና በጨርቅ ያጥልሉ። ከዚያ እኩል ከተቆረጡ ሁለት የበቆሎ ቅጠሎች አንዱን በዚህ ፈሳሽ፣ ሌላውን በንጹህ አልኮል ብቻ ይቀቡ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይዘለዋል፤ ያለ እሱ ግን ፌንጣውን ያራቀው አረሙ ይሁን አልኮሉ ሊታወቅ አይችልም። የአልኮሉ ሽታ ሲጠፋ ሁለቱን በእርጥብ ሶፍት ላይ አድርገው በአንድ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ግማሽ ቀን ያልበላ አንድ ፌንጣ ይጨምሩና በሻሽ ይሸፍኑ። አሥር ዕቃ ያዘጋጁ፤ የቅጠሎቹንም ቦታ ከዕቃ ዕቃ ያቀያይሩ።

የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ከዕቃው አይራቁ። ፌንጣው ከአፉ አጠገብ ባሉት መዳሰሻዎች ጠርዙን ነካክቶ፣ አንዴ ነክሶ ወደ ኋላ ካፈገፈገ ጣዕሙ አርቆታል ማለት ነው፤ በልቶ ከቆየ በኋላ ከደከመ ግን ነገሩ መመረዝ ሊሆን ይችላል። ፌንጣው ከገባ ከስድስት ሰዓታት በኋላ የተረፈውን በሚሊ ሜትር ካሬዎች በተሰመረ ወረቀት ላይ ዘርግተው የተበላውን ስፋት ይቁጠሩ። ፈሳሹ ሌሎች የቅጠሉን ኬሚካሎችም ስለሚይዝ ውጤቱን ለፓርተኒን ብቻ መስጠት ስህተት ነው።

በፌንጣ ፋንታ የጎመን ትል አይጠቀሙ፤ ከጎመን ዘመዶች ውጭ ብዙም ስለማይበላ አረሙን ቢተወው ምንም አያስረዳም። በተቃራኒው ከሜክሲኮ የተገኘውና በ1980 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ አረሙን እንዲቀንስ የተለቀቀው ዚጎግራማ ጥንዚዛ ይህንኑ ቅጠል ይመገባል፤ ስለዚህ የፌንጣ ውጤት ስለ ፌንጣ እንጂ ስለ ነፍሳት ሁሉ አይናገርም።