የማሌይ ተረቶችን በሰው ፍላጎት በኩል ማንበብ፦ ለጎንደር መምህራንና የንባብ ክበባት

ተረት ሲያልቅ «ምን ተማራችሁ?» ማለት ልማዳችን ነው። በእነዚህ የማሌይ (የማሌዥያና የአካባቢዋ ሕዝብ) ተረቶች ግን ጥያቄውን አቆዩት። ምክሩ ከቀደመ የባለታሪኩ ጉዳት ሳይታይ ያልፋል።

ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አንድ ተረት ይበቃል። በ«ባቱ ብላህ» ጀምሩ። እናት የዓሣ እንቁላል አምሯት ዓሣ ታመጣለች፤ ልጇን መሉርን «ድርሻዬን አስቀምጪልኝ» ትላለች። ታናሹ ፐካን የራሱን ጨርሶ ሲያለቅስ መሉር የእናቷን ትሰጠዋለች። እናት አኩርፋ ወደሚከፈትና ወደሚዘጋው አለት ትሄዳለች፤ ይውጣታል።

መጀመሪያ «ተረት ተረት» ብላችሁ ሳታቋርጡ ተርኩ። ሁለተኛ ጊዜ ስትተርኩት ሦስት ቦታ ቁሙ፦ እናት ስታዝ፣ መሉር ስትሰጥ፣ እናት ስትሄድ። በየቦታው ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ ሙሉ፦ ምን ጠየቀ? ምን አጣ? ምን ቢያገኝ ይመለስ ነበር?

ዋናው ሥራ ሦስተኛው ዓምድ ነው። «ሌላ ዓሣ ቢቀርብላት ትመለስ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አትመለስም» ከሆነ ጉዳዩ ረሀብ አይደለም፤ የፈለገችው መታሰብን ነው። ፐካን ግን ሲበላ ዝም ይላል። መሉርን ብዙዎች ይዘሏታል፤ የሚያለቅሰውን ወንድሟንና የእናቷን አደራ ይዛ መሀል የቀረችው እሷ ናትና ዓምዷን ባዶ አትተዉት።

የሥነ ልቦና ሊቁ አብርሃም ማስሎው በ1943 እ.ኤ.አ. የዘረዘራቸውን አምስት ፍላጎቶች (የአካል፣ የደኅንነት፣ የፍቅር፣ የክብር፣ ራስን የማሳካት) ከዚህ በኋላ ብቻ ጻፉ። ቀድመው ከተጻፉ ተማሪው ተረቱን ትቶ ስም መለጠፍ ይጀምራል። ከአካል ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄደውን ቅደም ተከተልም እንደ ሕግ አትያዙት፤ ይህች እናት ክብሯ ሲነካ ሕይወቷን ሳይቀር ትታለች።

በ«ሲ ታንጋንግ» ድሃው ልጅ በባሕር ንግድ ይከብራል፤ መርከቡ ድረስ ልትጠይቀው የመጣችውን እናቱን ክዶ በእርግማኗ ወደ ድንጋይ ይለወጣል። የእናት እርግማን በእኛም ዘንድ ከባድ ስለሆነ ውይይቱ «ተረግሞ ነው» ላይ ይቆማል። ተማሪዎቹን ወደ መርከቡ መልሷቸው፦ ሚስቱ እያየችው «እናቴ አይደለችም» ሲል ምን ፈርቶ ነው? ድህነቱ እንዳይታወቅበት። እናቱስ ሀብቱን ፈልጋ ነበር የመጣችው?

ለትንንሾች «ሳንግ ካንቺል» ይሻላል፤ ከጦጣና ከጅብ ተረቶቻችን ጋር ይቀራረባል። ካንቺል የተባለችው ትንሿ ሚዳቋ መሰል እንስሳ «ንጉሥ ሰሎሞን ቁጠሪ ብሎኛል» ብላ አዞዎቹን ታሰልፍና በጀርባቸው ላይ እየዘለለች ፍሬ ወዳለበት ማዶ ትሻገራለች። ብልጠቷን ሁሉም ያደንቃል፤ እናንተ ግን አዞዎቹ ለመቆጠር ለምን እንደተሰለፉ ጠይቁ።