አይዛክ ሄይስን ስታዳምጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሶል በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃ ስልት የሚታወቀው የአይዛክ ሄይስ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት አንድ ምስል ነው። ራሱን የተላጨ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ባዶ ደረቱ ላይ የወርቅ ሰንሰለት የደረደረ ግዙፍ ሰውዬ። ቀጥሎ ‹‹ሻፍት›› የተባለው ፊልም ማጀቢያ ጊታር ይመጣል። ወጣቶቹ ደግሞ ‹‹ሳውዝ ፓርክ›› በተባለው የካርቱን ፕሮግራም ላይ የሰሙትን፣ ሼፍ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ ድምፅ ይጨምሩበታል። ከዚያ ወሬው ያልቃል።

ይህ ያሳዝነኛል። ሰውየውን ለዓመታት አዳምጬዋለሁ፤ ፊልሞቹንም እየፈለግሁ አይቻለሁ። ለእኔ አይዛክ ሄይስ ከሁሉ በፊት ወግ አዋቂ ነው። ሲዘፍንም ሲተውንም ሥራው አንድ ነው፤ ሰውን አስቀምጦ፣ ሳይቸኩል፣ ታሪክ ያወራል። ይህን የሚሸፍኑ ስህተቶችን ደጋግሜ ስለምሰማ አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከ‹‹ሻፍት›› መጀመር

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ‹‹ሻፍት›› የወጣው በ1971 ነው። ሄይስ ያኔ ጀማሪ አልነበረም። የተወለደው በ1942፣ ቴነሲ ውስጥ ኮቪንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ያሳደጉት አያቶቹ ናቸው። ልጅ ሆኖ ጥጥ ለቅሟል። ሜምፊስ ከገቡ በኋላም የሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። በ1964 ገደማ ስታክስ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ውስጥ እግሩን ያስገባው በአጋጣሚ ነው። የኩባንያው ኪቦርድ ተጫዋች ቡከር ቲ ጆንስ ለትምህርት ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሄይስ በእሱ ቦታ ተቀመጠ።

እዚያው ከገጣሚው ዴቪድ ፖርተር ጋር ተጣመረ። ሁለቱ ሳምና ዴቭ ለተባሉት ጥንድ ዘፋኞች የሠሯቸው ዘፈኖች ዛሬም ይዘፈናሉ። አንድ ቀን ሥራ ላይ እያሉ ፖርተር መጸዳጃ ቤት ገብቶ ዘገየ። ሄይስ ቶሎ በል እያለ ይጮህበታል። ፖርተር ‹‹ቆይ እንጂ፣ እየመጣሁ ነው!›› ብሎ መለሰ። ወዲያው በሩጫ ወጣ፤ ርዕስ አግኝቷል። የ1966ቱ ‹‹ሆልድ ኦን አይም ካሚን›› እንዲህ ተወለደ።

‹‹ሶል ማን›› ግን ከእሳት ነው የመጣው። በ1967 ዲትሮይት በረብሻ ስትቃጠል ሄይስ ዜናውን በቴሌቪዥን ያያል። የጥቁሮች የሆኑ ሱቆች ላይ ‹‹ሶል››፣ ማለትም ነፍስ፣ የሚል ቃል ተጽፎ ነበር፤ እሳቱና ዘረፋው እንዲያልፋቸው። ሄይስ ነገሩን ከኦሪት ዘፀአት ጋር አያያዘው። የበጉ ደም የተቀባ መቃንና ጉበን፣ መቅሠፍቱ አልፎት የሚሄድ ቤት። የፋሲካን ታሪክ ከልጅነታችን እየሰማን ላደግን ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። አንዴ ካወቃችሁት በኋላ ያ የጭፈራ ዘፈን እንደ በፊቱ አይሰማችሁም።

ስለዚህ በሳምና ዴቭ ጀምሩ። የሄይስን ድምፅ ከመስማታችሁ በፊት ለሌሎች የሠራውን ስሙ።

ወሬውን ዘልሎ ዘፈኑን መፈለግ

እኔም መጀመሪያ ላይ ይህንኑ አድርጌአለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስታክስ በ1968 ከአትላንቲክ ኩባንያ ጋር ሲለያይ የቀድሞ ሥራዎቹን ከሞላ ጎደል አጣቸው። ኃላፊው አል ቤል ባዶውን መደርደሪያ ለመሙላት በአንድ ጊዜ 27 አልበም አዘዘ። የሄይስ የመጀመሪያ አልበም አልተሸጠለትም ነበር። ሁለተኛውን እሠራለሁ፣ ግን እኔ እንደፈለግሁት ነው የማደርገው አለ። በ1969 ‹‹ሆት በተርድ ሶል›› ወጣ። አራት ዘፈን ብቻ። የመጨረሻው ከ18 ደቂቃ በላይ ይረዝማል።

‹‹ባይ ዘ ታይም አይ ጌት ቱ ፊኒክስ›› የጂሚ ዌብ ድርሰት ነው። ግሌን ካምቤል ሦስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ዘፍኖ ታዋቂ አድርጎት ነበር። ሴቲቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ሆኖ ይተርካል። ሄይስ ግን ወደኋላ ይሄዳል። ይህ ሰው ለመሆኑ ለምን ሄደ? ኦርጋኑ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። ከበሮው ቀስ ብሎ እንደ ልብ ይመታል። ሄይስ ያወራል። ሰውየው እንዴት እንደሚወዳት፣ እንዴት እንደከዳችው፣ ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደተመለሰ። ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ዘፈን የለም። ዜማው ሲጀምር ግን ሰውየውን አውቃችሁታል። መኪናው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣችኋል።

ይህን ያመጣው ከስቱዲዮ አይደለም። ሜምፊስ ውስጥ ቲኪ የሚባል ክለብ ሲጫወት ታዳሚው በየራሱ ጨዋታ ተጠምዶ ነበር። ባር ኬይስ የተባሉት ተጫዋቾች አንድ ኮርድ ላይ እንዲቆዩለት አደረገና ማውራት ጀመረ። ቤቱ ጸጥ አለ። መሰንቆውን በአንድ ስልት ይዞ ታዳሚውን የሚያጫውት አዝማሪ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ለሬዲዮ ያሳጠሩት ቅጂ አለ፤ እሱን ተዉት። ሙሉውን በአንድ ቁጭታ ስሙት። ማታ ቢሆን ይመረጣል።

ሻፍት ሆኖ የተወነው እሱ ይመስላችኋል?

አይደለም። ሄይስ መሪ ተዋናይ መሆን ፈልጎ ጠይቆ ነበር። ቦታው ግን የሪቻርድ ራውንድትሪ ሆነ። ሄይስ ተኮራርፎ አልሄደም፤ የፊልሙን ሙዚቃ ሠራ። ዳይሬክተሩ ጎርደን ፓርክስ የነገረው ነገር ሻፍት ዕረፍት የሌለው፣ ሁሌ በጉዞ ላይ ያለ ሰው መሆኑን ነው። ሄይስ ያንን በምን ገለጸው? በድራሙ ሃይ ሃት፣ በሁለቱ ተደራራቢ ጸናጽሎች። ዊሊ ሆል ሳያቋርጥ ይመታዋል፤ የቻርልስ ፒትስ ዋዋ ጊታር ይከተላል። ሄይስ አፉን የሚከፍተው ከሁለት ደቂቃ ተኩል በኋላ ነው። አሁንም ያስጠብቀናል።

በኤፕሪል 1972 በምርጥ ኦሪጅናል ዘፈን ኦስካር ወሰደ። በዚህ ዘርፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። በዓሉ ላይ ይዟት የሄደው ያሳደገችውን አያቱን ነበር። ሽልማቱ የትወና ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አርሙት።

ስለ ሰንሰለቱም አንድ ነገር ልበል። ለታይታ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። በ1972 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዋትስታክስ በተባለው ኮንሰርት፣ ልክ 30 ዓመት በሞላው ቀን፣ ከ100,000 በላይ ሰው ፊት የወጣው ያንን የሰንሰለት ልብስ ለብሶ ነው። በአንድ ወቅት የባርነት ምልክት የነበረውን ነገር የጥንካሬ ምልክት አድርጌ ለበስኩት ሲል ራሱ ተናግሯል።

ትወናውን እንደ ትርፍ ሥራ መቁጠር

‹‹ዘፋኝ ነው፣ ለገንዘብ ብሎ ፊልም ገባ›› ይባላል። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ አንዱን ፊልም ብቻ አይተው ነው። በ1974 ‹‹ትራክ ተርነር›› ላይ መሪ ተዋናይ ሆነ፤ ከፍርድ ያመለጡ ሰዎችን እያደነ የሚይዝ ሰው ሆኖ ነው የሠራው። ማጀቢያውንም ራሱ ሠራው። እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ወጣ ገባ ነው። ግን ሄይስ ካሜራ ፊት አይፈራም።

‹‹ዘ ሮክፎርድ ፋይልስ›› የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ደግሞ ከእስር የወጣ ጋንዶልፍ ፊች የሚባል ሰው ነው። ባለታሪኩን ሮክፎርድን ሁሌ ‹‹ሮክፊሽ›› እያለ ይጠራዋል። ያችን አንድ ቃል ብቻ ይዞ ሙሉ ሰው ይፈጥራል።

ምርጡ ግን በ1981 የወጣው የጆን ካርፔንተር ‹‹ኤስኬፕ ፍሮም ኒው ዮርክ›› ነው። ማንሃተን በሙሉ እስር ቤት ሆናለች፤ ሄይስ የእስረኞቹ አለቃ ዱክ ነው። መኪናው አፍንጫ ላይ ቻንደሊየር ተንጠልጥሏል። ዱክ ብዙ አያወራም። ዝም ብሎ ሲቆም ሌላው ሰው ይደናገጣል። ያ ዝምታ ከየት እንደመጣ ‹‹ፊኒክስን›› የሰማ ሰው ያውቀዋል። በ2005 ‹‹ሀስል ኤንድ ፍሎው›› ላይ ደግሞ ሜምፊስ ውስጥ የቡና ቤት ባለቤት ሆኖ ይመጣል። ክፍሉ ትንሽ ነው። ፈልጋችሁ እዩት።

‹‹ኦስካር ያለው ሰው ገንዘብ አይቸግረውም››

ይህንን በተለይ ለወጣት ሙዚቀኞች ነው የማነሳው። ሄይስ በ1974 ባልተከፈለው ገንዘብ ምክንያት ስታክስን ከሰሰ። በ1975 መጨረሻ ስታክስ ራሱ ተዘጋ። በ1976 ሄይስ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ኪሳራውን አወጀ። ቤቱ ሄደ። ንብረቱ ሄደ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እስከዚያ ከሠራቸው ዘፈኖች ወደፊት የሚመጣው የሮያሊቲ፣ ማለትም የደራሲነትና የአቀናባሪነት ድርሻ፣ ገቢም ከእጁ ወጣ። ‹‹ሶል ማን››ም ‹‹ሻፍት››ም እዚያ ውስጥ አሉ።

ዘፈኖቹ መደመጣቸው አልቀረም። በ1991 ጌቶ ቦይስ የተባለው የራፕ ቡድን፣ በ1994 ፖርቲስሄድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ከእሱ ቅጂዎች ቆርጠው እየወሰዱ ታላላቅ ሥራዎቻቸውን ሠሩ። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ክፍያውን ብቻ አትዩ። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ቅጂውስ? እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያነብላችሁ አትፈርሙ።

ታሪኩን 2006 ላይ መዝጋት

ሄይስ ከ1997 ጀምሮ የ‹‹ሳውዝ ፓርክ›› ሼፍ ድምፅ ነበር። በማርች 2006 ፕሮግራሙ ሃይማኖትን ያንኳስሳል በሚል ለቀቀ ተባለ። እሱ ሳይንቶሎጂ የተባለው የአሜሪካ እምነት ተከታይ ነበር፤ ፕሮግራሙ ከጥቂት ወራት በፊት በሳይንቶሎጂ ላይ ቀልዷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ‹‹በሌላው ሲቀለድ ይስቅ ነበር፣ በራሱ ሲመጣ ተቆጣ›› ብሎ ይዘጋዋል። ግን ሄይስ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ስትሮክ መቶት ነበር። ልጁ በ2016 እንደተናገረው፣ አባቱ ያኔ እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚወስንበት ሁኔታ ላይ አልነበረም፤ በእሱ ስም ለቀቀ ያሉት ሌሎች ናቸው። ይህንን ሳያክሉ ታሪኩን ማውራት ሰውየውን መበደል ነው። ጋና ውስጥ አዳ በምትባል አካባቢ የክብር ንግሥና እንደተሰጠው፣ እዚያም ትምህርት ቤት እንዳሠራ የሚያነሳ ሰውም ጥቂት ነው።

የመጨረሻ ፊልሞቹን ዝርዝር ስታዩ ‹‹ሶል ሜን›› ላይ ቁሙ። ሳሙኤል ጃክሰንና በርኒ ማክ ሁለት ያረጁ የሶል ዘፋኞች ሆነው ይሠሩበታል። በርኒ ማክ ኦገስት 9 ቀን 2008 አረፈ። ሄይስ በማግስቱ፣ ሜምፊስ ውስጥ፣ በ65 ዓመቱ። ፊልሙ የወጣው ኖቬምበር ላይ ነው። ሄይስ እዚያ ላይ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ስሙ አይዛክ ሄይስ ይባላል።