በመፀው ጠዋት ከቤት ውጡ

ክረምቱ አለፈ። ከመስከረም 26 ጀምሮ መፀው ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ጭቃውም ይደርቃል። ባሕር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ እባካችሁ ይህን ወቅት ቤት ተቀምጣችሁ አታሳልፉት።

በተለይ ጠዋቱን ተጠቀሙበት። ከእንቅልፍ እንደተነሣችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ወጣ ብላችሁ ተራመዱ። የጠዋት ብርሃን ቀኑ መጀመሩን ለአንጎል ይነግረዋል፤ የሰውነታችን ሰዓት ይስተካከላል፣ ማታም እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል። ክረምቱን ሲጫጫናችሁ የከረመው ድብርትም ቀለል ይላል። ለቫይታሚን ዲ ግን ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ ረፋድ ላይ፣ ክንዳችሁን ገለጥ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ሙቁ። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይረዳም፤ ብዙ ሰው ይህን ልብ አይልም።

የት እንሂድ ካላችሁ፣ ጣና ዳር ለእግር ጉዞ ግሩም ነው። ወደ ጮቄ የምትወጡ ደግሞ ጫፉ ከ4000 ሜትር በላይ ነውና ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ።

አንድ አደራ አለኝ፦ ወቅቱ የወባም ነው። ሐይቅ ዳርና ቆላ አካባቢ ያላችሁ ሳይመሽ ግቡ፤ ካመሻችሁም እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ ስትተኙ አጎበር አትርሱ።