የማሽላ ጂኖም መረጃን ለሁሉም ክፍት በሆነ ዳታቤዝ ማደራጀት

የማሽላ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃው፣ ወደ 730 ሚሊዮን ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ነው። በ20 እጥፍ ሽፋን፣ ማለትም እያንዳንዱ ቤዝ በአማካይ 20 ጊዜ ተደጋግሞ፣ ሲነበብ ከአንድ ናሙና 14.6 ቢሊዮን ቤዝ ይወጣል። ናሙናው 500 ከሆነ ተጨምቆም ቢሆን በቴራባይት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ጥሬውን ፋይል በራሳችሁ ሰርቨር ለመያዝ አትድከሙ። ከዓለም አቀፎቹ የዲኤንኤ መረጃ መዝገቦች ለአንዱ፦ እንግሊዝ ላለው ኢኤንኤ፣ ለአሜሪካው ኤስአርኤ ወይም ለጃፓኑ ዲዲቢጄ ስጡት፤ ሦስቱ መረጃ ስለሚለዋወጡ አንዱ ጋ ማስመዝገብ ይበቃል። ከመላካችሁ በፊት የየፋይሉን ኤምዲ5 (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አውጡ፤ ኢንተርኔት ተቆራርጦ የተበላሸ ፋይል የሚለየው በእሱ ነው።

እናንተ ዘንድ የሚቀረው የመዝገብ ቁጥሩ፣ የናሙናው ታሪክና የማሳ ልኬቱ ነው። ለዚህ ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ከበቂ በላይ ነው። ናሙና፣ ንባብና ልኬት በሦስት የተለያዩ ሠንጠረዦች ይግቡ፤ አንድ ናሙና ሁለት ጊዜ ሊነበብ ይችላልና።

ዋናው ጣጣ ያለው የናሙናው ሠንጠረዥ ላይ ነው። የመስክ ደብተሩ ጥቅምት 5 ቀን 2012 ይላል እንበል። ዓለም አቀፎቹ መዝገቦች የሚቀበሉት 2019-10-16 ተብሎ ሲጻፍ ነው። አብዛኛውን ዓመት ጥቅምት 5 የሚውለው ኦክቶበር 15 ነው፤ 2011 ጳጉሜ 6 ስለነበራት ግን አንድ ቀን ተገፋ። በጭንቅላት ደምሮ መቀየር የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። በፕሮግራም ቀይሩ፣ ደብተሩ ላይ ያለውንም ቀን በሌላ አምድ እንዳለ አስቀምጡ፤ ስህተት ቢገኝ መመለሻችሁ እሱ ነው።

መገኛ ቦታም እንዲሁ ነው። 9.03 ሰሜን፣ 38.74 ምሥራቅ አዲስ አበባ ነው። ሁለቱ ቢገለባበጡ ማሽላው ከሰርዲኒያ በስተደቡብ ባሕር ላይ ይበቅላል! ለኢትዮጵያ ናሙና ኬክሮሱ ከ3 እስከ 15፣ ኬንትሮሱ ከ33 እስከ 48 ካልሆነ ዳታቤዙ ራሱ እንዳይቀበል ገደብ አብጁለት።

ኤክሴል ለመለያ ቁጥር አይታመንም። 00457ን 457 ያደርገዋል፣ 2ኢ10ን በላቲን ፊደል ከጻፋችሁት ደግሞ ወደ 20 ቢሊዮን ይለውጠዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. አንዳንድ የሰው ጂኖች ስማቸው የተቀየረው ኤክሴል ቀን እያደረጋቸው ስላስቸገረ ነው። አምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት።

ዘሩ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ከሆነ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የተሰጠውን ፈቃድ አንብቡ፤ ለሦስተኛ ወገን ስለማስተላለፍ ግዴታ ሊኖርበት ይችላል።

ከወጣ በኋላ የሚታረም ነገር ሲመጣ በመጀመሪያው ዕትም፣ በ1.0 ላይ አትደርቡ፤ 1.1 ብላችሁ ሌላ አውጡና የቀድሞው ይቆይ። የተሰረዘ ናሙናም ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም።