ታይሚንግ ቤልት ተቀይሮ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ

ታይሚንግ ቤልቱ (ክራንክሻፍቱን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ቫልቮቹን ከሚከፍተው ካምሻፍት ጋር የሚያገናኘው ባለጥርስ ቀበቶ) አዲስ ሆኖ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከተንቀጠቀጠ፣ ጉልበት ካጣ ወይም የቼክ ኢንጂን መብራት ከበራ (ኮዱ ብዙ ጊዜ ፒ0016 ነው) መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጥርስ መሳት፣ ማለትም ቤልቱ ጊሩ ላይ ከትክክለኛ ቦታው ጥርስ አልፎ መግባቱ ነው። እባካችሁ ደጋግማችሁ አታስነሱት! ጥርስ ከሳተ ብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ቫልቭ ከታጠፈ ደግሞ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ግድ ነው።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ከዚያ ክራንክሻፍቱን ብሎኑ ላይ በእጅ ቁልፍ ይዛችሁ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። ያኔ ካምሻፍቱ አንድ ዙር ስለሚሞላ የክራንኩና የካምሻፍቱ ጊሮች ላይ ያሉት የታይሚንግ ምልክቶች በሙሉ መግጠም አለባቸው፤ ካልገጠሙ ጥርስ ስቷል ማለት ነው። መሃል ላይ ድንገት ቀጥ ካለ በኃይል አትግፉት። የክራንኩ ጊር 20 ጥርስ ካለው አንድ ጥርስ 18 ዲግሪ ነው፤ «ትንሽ ነው የሳተው» ተብሎ አይታለፍም።

አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ የሚመጣው ቤልቱ ከቴንሽነሩ (ቤልቱን ከሚወጥረው ክፍል) ተቃራኒ ባለው ጎን ላልቶ ሲገባ ነው። ቴንሽነሩ ሲለቀቅ ያንን መላላት ይስብና ካምሻፍቱን ያዞረዋል። ስለዚህ ከክራንኩ ጀምራችሁ ያንን ጎን ወጥራችሁ አስገቡ፣ የቴንሽነሩ በኩል መጨረሻ ይሁን። የክራንኩን ምልክት ደግሞ ከውጪው ፑሊ ሳይሆን ከጊሩ ላይ አንብቡ፤ ፑሊው መሃል ያለው ጎማ ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ተንሸራቶ ምልክቱ ያሳስታል።