አሮጌ ላፕቶፕ ስታገኙ ቶሎ አትሰኩት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ከሐረር አሥራ ሁለት ኪሎ የሚሆን ነገር ተሸክሞ ድሬ መጣ። ኮምፓክ ፖርተብል የሚባል ኮምፒውተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ገበያ ላይ የዋለው፣ ሲዘጋ ሻንጣ የሚመስለው። ፈረስ መጋላ አካባቢ ነው ያገኘው። «ጋሼ፣ ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ሰካሁት፤ ጧ! አለና ጨሰ» አለኝ። ፊቱ ልቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ፊት ነበር።

ጀርባውን አዞርኩት። 120 ቮልት ይላል። የኛ ሶኬት 220 ነው።

አቦ! ስንት ጊዜ ልናገር? ዕቃው አርባ ዓመት ቆሟል፤ አንድ ቀን ቢታገሥ ምን ይሆናል? ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ቮልቱ ልክ ቢሆን እንኳ አትሰኩት። የዚያን ጊዜ ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ ከወረቀት የተሠሩ ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች አሉ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቢጫ ቅርፊት ያላቸው ትናንሽ ሳጥኖች ናቸው። ቅርፊቱ ከዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል፣ ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይፈነዳል። ጭሱ ቤቱን ሁለት ቀን ያገማዋል። መጀመሪያ ፍቱት (የቴሌቪዥን ዓይነት ማያ ካለው ግን ብቻችሁን አይደለም፤ ከታች እነግራችኋለሁ)፣ ካፓሲተሮቹን ቀይሩ። ከዚያ ባለ ክር አምፖል በሴሪ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ወደ ማሽኑ እንዲሄድ አስገብታችሁ ኤሌክትሪክ ስጡት። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ንቀሉት።

ሁለተኛው ስሕተት የኔም ጥፋት ነው፤ ባትሪ ውስጡ መተው። ታንዲ ሞዴል 100 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ነበረኝ። ይህም የ1983 ነው። ስምንት መስመር በአርባ ፊደል የሚያሳይ፣ በአራት ትናንሽ የባትሪ ድንጋይ ሃያ ሰዓት ያህል የሚሠራ፣ እንደ ደብተር ብብት ሥር የሚገባ። በጣም እወደው ነበር። ድንጋዮቹን አውጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ተጠነቀቅሁ ብዬ ነው። ግን ቦርዱ ላይ የተበየደች፣ ሜሞሪውን የምትጠብቅ ሌላ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ አለችው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስከፍተው አረንጓዴ ነጭ ዝገት አግኝቼ በጣቴ ነካ ባደርገው እንደ ዱቄት ተበተነ። ከሥሩ የመዳቡ መስመር የለም፤ ተበልቷል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ከገዛችሁ በዚያው ሳምንት ያቺን ባትሪ አውጧት። ፈሳሹ አልካላይን ስለሆነ በጥጥ ሎሚ ወይም አቼቶ ነክራችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ በአልኮል አጽዱት። በቤንዚን አይደለም፤ ቤንዚን ፕላስቲኩን ያበላሸዋል።

የድሬን ሙቀት መናቅ ሌላው ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ኤልሲዲ (እንደ ካልኩሌተር ያለ ጠፍጣፋ) ማያ አታስቀምጡ። ማያው ላይ የተለጠፈው ስስ ፕላስቲክ በሙቀትና በእርጥበት ሲበሰብስ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፣ ይጨማደዳል፣ ጠርዙ ይላጣል። እኔ ኤልሲዲ ያላቸውን በሙሉ ሐረር እህቴ ቤት ነው ያስቀመጥኳቸው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፤ ደንገጎን ወጥታችሁ ነፋሱ ሲቀበላችሁ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ወደ ላይ መውሰድ ካልቻላችሁ ከታች፣ ጥላ ያለበት፣ አየር የሚገባበት ቦታ ፈልጉ።

አቧራ የገባበትን ፍሎፒ (የድሮ ፋይል ማስቀመጫ ዲስክ) ሳታጸዱ አታስገቡ። ሻጋታ ያለው ዲስክ ማንበቢያውን ያቆሽሻል፣ ማንበቢያው ደግሞ ቀጥሎ የምታስገቡትን ደህና ዲስክ ይፍቀዋል።

እንደ ኮምፓኩና እንደ ኦስቦርን 1 የድሮ ቴሌቪዥን ዓይነት ማያ ያላቸውን ኮምፒውተሮች ብቻችሁን አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀሉም በኋላ ሰው የሚጎዳ ቮልት ይዘው ይቆያሉ። የቴሌቪዥን ጠጋኝ አጠገባችሁ ይኑር።

«ሞቷል» ብሎ መጣልም አለ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከቁራሌ እጅ ስንቱን አስጥያለሁ። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ ማኪንቶሽ ፖርተብል ባትሪው ከሞተ ቻርጀር ላይ ቢሰካም አይነሳም፤ ማሽኑ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ቶሺባ ቲ1000ን ደግሞ «ማስነሻ ዲስክ የለውም» ብለው በርካሽ ይሸጡታል። ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ዶስ፣ እኮ እዚያው ቺፕ ውስጥ አለ፤ ያለ ዲስክ ይነሳል።

የመጨረሻው ቻርጀር ነው። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ሰፈር ማሽኑ አንድ ሱቅ፣ ቻርጀሩ ሌላ ሱቅ ነው የሚገኘው። ቀዳዳው ገጠመ ማለት ይሆናል ማለት አይደለም። ሞዴል 100 የሚፈልገው 6 ቮልት ነው፣ የቻርጀሩ ጫፍ መሃሉ ደግሞ ኔጌቲቭ። የዛሬ ቻርጀሮች አብዛኞቹ መሃላቸው ፖዘቲቭ ነው። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። ከሌላችሁ ባለሱቁን አውሱኝ በሉት፤ ብዙዎቹ እምቢ አይሉም።