የሰሜን ብርሃን ለማየት፦ ከጅማ ይዘን የምንሄዳቸው ስህተቶች

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አንድ ሁለት ተማሪ ጅማ ሄርማታ ሰፈር ቡና ይጋብዘኛል። ማስተርስ ኖርዌይ ወይም ፊንላንድ ደርሶታል። ስለ ዶርም ይጠይቃል፣ ስለ ጃኬት ይጠይቃል። ሊነሳ ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ ያ አረንጓዴው ብርሃን መቼ ነው የሚታየው?» ይላል።

ሰሜን ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ከተማ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ግማሽ በራሴ ስህተት አባከንኩት። ስህተቱ የሞኝነት እንኳን አልነበረም። ጅማ ላይ ልክ የነበረ ልማድ ሰሜን ዋልታ አጠገብ ሲደርስ አልሠራ አለኝ።

ጅሬን ላይ ወጥቶ መጠበቅ

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ከባድ የፀሐይ ማዕበል መሬትን መታ። ሜክሲኮና ፍሎሪዳ ድረስ ሰማዩ ቀላ። እኔም በቴሌግራም «ዛሬ ማታ እዚህም ይታያል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ሦስት ልጆች ከጅማ በላይ ያለው ጅሬን ኮረብታ ወጥተው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንደጠበቁ ኋላ ነገሩኝ። ያገኙት ጉንፋን ብቻ ነው።

እነሱ ደመናውን ይወቅሳሉ። ደመናው ግን የለበትም። ከፀሐይ የሚመጡት ቅንጣቶች የመሬትን የማግኔት መስመር ተከትለው ወደ ዋልታዎቹ ይወርዳሉ። ብርሃኑም (ኦሮራ ይሉታል) በማግኔት ዋልታው ዙሪያ እንደ ቀለበት ይሠራል። እኛ ደግሞ የማግኔት ወገብ አጠገብ ነን። ኦሮራ ለማየት ከዚህ የባሰ ቦታ መፈለግ ይከብዳል። የሚገርመው፣ ቀን ቀን ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ኦሮራ የሚበራበት ከፍታ ማለት ነው። የኛው ግን ለዐይን አያበራም።

መምሸቱ አይቀርም ብሎ ማሰብ

ጅማ ላይ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይመሻል። ስለዚህ ስለ ጨለማ አስበን አናውቅም። አንድ ጓደኛዬ ዕረፍቱ ሰኔ ላይ ስለሆነ ትሮምሶ ድረስ መጣልኝ። ምን ላሳየው? ከግንቦት 12 እስከ ሐምሌ 15 ገደማ እዚያ ፀሐይ ጨርሶ አትጠልቅም። ኦሮራው ከላይ ሰማዩ ላይ ሊኖር ይችላል፤ ግን በጠራራ ፀሐይ ማን ያየዋል? አሳ በልተን ተመለስን።

ወቅቱ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መጋቢት መጨረሻ ነው። ከኅዳር 18 እስከ ጥር 7 አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። ምረጥ ካላችሁኝ መስከረምን ወይም መጋቢትን እመርጣለሁ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን የመሬት ማግኔት ከፀሐይ ነፋስ ጋር (ከፀሐይ ከሚፈስሱት ቅንጣቶች ማለት ነው) በቀላሉ ይገጣጠማል፣ ማዕበሉም ይበዛል። ብርዱም ይሻላል፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሐበሻ ሰዓት

ይህቺ የኔው ናት። ትንበያው ማዕበሉ «6 ሰዓት ማታ» ይጀምራል አለ። እኔ እኩለ ሌሊት ላይ ተጠቅልዬ ወጣሁ። ጭር ብሏል። ለካ ትንበያው የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በብርድ ወራት ኖርዌይ ላይ 1 ሰዓት ትጨምራላችሁ፣ 7 ሰዓት ማታ ይሆናል። በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት። አምስት ሰዓት አረፈድኩ። ስልካችሁን ባለ 24 ሰዓት አድርጉትና ተገላገሉ። ብርሃኑ በብዛት የሚደምቀው በኛ አነጋገር ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ኬፒን እንደ ሎተሪ ቁጥር መጠበቅ

ኬፒ (Kp) የማዕበሉ መለኪያ ነው፣ ከ0 እስከ 9። ሁሉም አፕሊኬሽን ላይ በትልቁ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እኔም 5 ካልሆነ አልወጣም ብዬ ስንት ጥሩ ሌሊት ተኝቼ አሳለፍኩ። ኬፒ የሦስት ሰዓት መለኪያ ነው፣ ያውም የመላው ዓለም። የክልሉን አማካይ ዝናብ ሰምቶ «አሁን መርካቶ ይዘንባል ወይ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ትሮምሶ ያለችው ከቀለበቱ ሥር ስለሆነ 2 እንኳን ይበቃታል። ትልቁ ቁጥር የሚያስፈልገው ለደቡቡ ሰው ነው፣ ለኦስሎ ወይም ለበርሊን።

እኔ ዛሬ ብሄድ የማየው ቢዜድ (Bz) የሚባለውን ነው። ከፀሐይ ነፋስ ጋር የሚመጣው ማግኔት ወደ ሰሜን ወይስ ወደ ደቡብ እንደዞረ ይነግራል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ወርዶ እዚያው ከቆየ በሩ ተከፍቷል። ወደ ላይ ከሆነ ነፋሱ ቢያጓራም ብዙ ጊዜ ነገር የለም። የሚለኩት ሳተላይቶች ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ወደ ፀሐይ አቅጣጫ የቆሙ ናቸው። ነፋሱ ከእነሱ እኛ ጋ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። እንግዲህ አስተማማኙ ማስጠንቀቂያ ይህችው ናት። «የዛሬ ሳምንት ማክሰኞ በእርግጠኝነት ይታያል» የሚላችሁ አስጎብኚ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። አንድ ነገር ግን ይረዳል። ፀሐይ በ27 ቀን ገደማ አንዴ ዞራ ስለምትመለስ፣ ጥሩ ሌሊት ካያችሁ 27 ቀን ቆጥራችሁ ቀኑን ያዙ።

ደመናን በጅማ ዐይን ማየት

የጅማ ሰው ደመና አውቃለሁ ይላል፣ እውነቱን ነው። ከሰዓት ያጉረመርማል፣ ያወርደዋል፣ ማታ ይጠራል። ትሮምሶ ላይ እንዲህ ጠብቄ ሦስት ቀን መስኮት ላይ ቆሜያለሁ። እዚያ ደመናው ከባሕር ይመጣና ይቀመጣል። ኦሮራው ያለው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ደመናው ደግሞ ከታች። ኬፒ 9 ቢሆን አይበሳውም። መፍትሔው መኪና ነው። ከባሕሩ ርቃችሁ ተራራውን አልፋችሁ ወደ ፊንላንድ ድንበር ስትነዱ ብዙ ጊዜ ይጠራል። የስዊድኗ አቢስኮም የታወቀችው ተራራ ስለከለላት ነው። ስለዚህ ማታ መጀመሪያ የደመና ካርታ፣ ከዚያ ሌላው።

«በጣም ሲበርድ ይወጣል» የሚሉም አሉ። ብርዱ ኦሮራ አያመጣም። ሰማይ ሲጠራ የመሬቱ ሙቀት ስለሚያመልጥ ይበርዳል፣ በጠራ ሰማይ ደግሞ ይታያል። ያ ብቻ ነው።

ጨረቃን አትፍሯት። ደካማውን ታደበዝዛለች፣ ጠንካራውን አትነካውም። ከእሷ ይልቅ የመንገድ መብራት ይጎዳል።

አረንጓዴ ካልሆነ አይደለም ማለት

ዐይናችን በደካማ ብርሃን ቀለም አይለይም። ደከም ያለ ኦሮራ ነጣ ያለ ነው፣ የዕጣን ጭስ ይመስላል። እኔ ሁለቴ ደመና ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ከተጠራጠራችሁ ስልኩን በማታ ሞድ አድርጋችሁ ሳታነቃንቁ ሦስት ሴኮንድ ያህል አንሱ። አረንጓዴ ከወጣ እሱው ነው።

ቶሎ መግባት

ብርሃኑ እንደ ሻማ ዝም ብሎ አይበራም። ሰዓት ሙሉ ያንቀላፋል፣ ድንገት ይፈነዳል፣ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ጨፍሮ ይጠፋል። አንድ የጥር ሌሊት አርባ ደቂቃ ቆሜ እግሬ ደነዘዘ። ገባሁ፣ ቡና ጣድኩ። ጀበናው ሳይፈላ ኮሪደሩ ላይ ጩኸት ሰማሁ። ካልሲ፣ ሌላ ካልሲ፣ ጫማ፣ የጫማ ክር። ስወጣ ልጆቹ በረዶው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ይስቃሉ። ሰማዩ ላይ የቀረው ከጣሪያው ጥግ የተንጠለጠለች አንዲት ቀጭን ጭስ ነበረች። ቡናውም ገነፈለ።